ግራና ቀኝ የማታውቅ ጨረቃ

ባለፈው መጋቢት ደብረ ብርሃን ላይ፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ አንዲት የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ደብተሯን ገልጣ አናቷ ላይ ካለችው ግማሽ ጨረቃ ጋር ታስተያይ ነበር። ደብተሩ ላይ ከመጽሐፍ የገለበጠችው ሥዕል አለ፤ «እየሞላች ያለች ግማሽ ጨረቃ» ከሚለው ጽሑፍ ጎን ቀኟ የበራ፣ ግራዋ የጨለመ ክብ። ሰማይ ላይ ያለችው ደግሞ ግራዋ በርቶ ቀኟ ጨልሟል። «መምህር፣ ከትናንት ወዲያ ከዚህ ቀጭን ነበረች፤ እየሞላች ነው። መጽሐፉ ግን እየጎደለች ነው ይለኛል» አለችኝ።

ልጅቷ ያየችው ትክክል ነው። ሥዕሉም ሐሰት አይደለም። ሁለቱ እንዴት አብረው እውነት እንደሚሆኑ ግን በአንድ ዐረፍተ ነገር የሚያልቅ ስላልሆነ ጥያቄዋ ከዚያ ወዲህ ከአእምሮዬ አልወጣም። ከመንዝ እስከ ምንጃር መጽሐፍ ይዞ ወደ ሰማይ ቀና ያለ ተማሪ ሁሉ ይኸው ጥያቄ ይጠብቀዋል። መልሱን ያገኘ ደግሞ የጨረቃን ብቻ ሳይሆን ጁፒተርን የሚዞሩትን ጨረቃዎች ጭምር ለማንበብ የሚያስችል ቁልፍ በእጁ ይገባል።

ሥዕሉ የተሳለበት አገር

ሥዕሉ የተሳለው ለሰሜን አውሮፓ ሰማይ ነው። ለንደን 51 ዲግሪ ተኩል ሰሜን ላይ ትገኛለች። እዚያ ጨረቃ ከፍ ብላ ሰማይን የምታቋርጠው ሁልጊዜ በደቡብ በኩል ነው። ተመልካቹ ፊቱን ወደ ደቡብ ስለሚያዞር ምዕራብ በቀኙ ይውላል፤ አመሻሽ ላይ ፀሐይ በምዕራብ ስላለች የጨረቃም ቀኟ ይበራል። ለእነሱ «ቀኟ ከበራ እየሞላች ነው» የሚለው ሕግ ዓመቱን ሙሉ ይሠራል።

ደብረ ብርሃን ግን 9 ዲግሪ ከ41 ደቂቃ ሰሜን ላይ ናት። ጨረቃ በየወሩ ከምድር ወገብ በላይ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ትመላለሳለች። ምሕዋሯ የፀሐይን የዓመት ጎዳና በ5 ዲግሪ ያህል ስለሚያቋርጠው የምትመላለስበት ስፋት በ18.6 ዓመት ዑደት ይለዋወጣል፦ አንዳንዱ ዘመን 18 ዲግሪ፣ አንዳንዱ ዘመን 28 ዲግሪ ተኩል ይደርሳል። አሁን ያለነው ስፋቱ ከፍተኛ በሆነበት ዘመን አካባቢ ነው። ስለዚህ ጨረቃ ከ10 ዲግሪ በላይ ወደ ሰሜን በወጣችበት ቀን ሁሉ ከአናታችን በስተሰሜን ታልፋለች። በመጋቢት የምትታየው እየሞላች ያለች ግማሽ ጨረቃ ሁልጊዜ ከነዚህ አንዷ ናት። የመስከረሟ ግማሽ ጨረቃ በተቃራኒው ወደ ደቡብ ትወርዳለች፤ ያኔ መጽሐፉና ሰማዩ ይስማማሉ። ልጅቷ በመስከረም አይታ ቢሆን ኖሮ ምንም ጥያቄ ባልተነሣ ነበር።

ፊትን ማዞር

የመጋቢቷ ግማሽ ጨረቃ ከአናት የምትርቀው 18 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው፤ ክንድ ተዘርግቶ ሁለት ጭብጥ አይሞላም። ይህን ያህል ወደ አናት የቀረበችን ጨረቃ ከየትም አቅጣጫ ቆሞ ማየት ይቻላል። ልጅቷ መጀመሪያ ያየቻት ጨረቃዋ ወዳዘነበለችበት ወደ ሰሜን ዞራ ነው፤ ማንም ሰው እንዲያ ያደርጋል። ፊቷን ወደ ደቡብ አዙራ፣ ራሷን ወደ ኋላ ዘንበል አድርጋ እንድታያት ነገርኳት። ቀኟ በርቷል። ተመልሳ ወደ ሰሜን ዞረች። ግራዋ በርቷል። ሳትናገር ደጋግማ ዞረች፤ ከዚያ ደብተሩን ዘጋችው።

እኔን ያስቆመኝ ይህ ቅጽበት ነው። ጨረቃዋ አልተነቃነቀችም። የበራው ጎኗ ሁልጊዜ ፀሐይ ወደገባችበት ወደ ጎሼ ባዶ በኩል፣ ወደ ምዕራብ እንዳየ ነው። ግራና ቀኝ የልጅቷ ሰውነት እንጂ የሰማይ ንብረት አይደለም። ለንደን ላይ ሰው ሁሉ አንድ አቅጣጫ እያየ ስለሚቆም የሰውነቱ ቀኝ ከሰማዩ ምዕራብ ጋር ተጣብቆበታል፤ መጣበቁንም ልብ አይለውም። እኛ ጋ ሁለቱ ይላቀቃሉ። በሰሜን ሸዋ ሰማይ ቀኝን መፈለግ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው። መምህራን ይህን አንድ ቃል ብቻ ቢቀይሩ፣ «ቀኝ» ባሉበት «ምዕራብ»፣ «ግራ» ባሉበት «ምሥራቅ» ቢሉ፣ ሕጉ ከመሐል ሜዳ እስከ ኬፕታውን ሳይለወጥ ይሠራል፦ የበራው ጎን ወደ ምዕራብ ካየ እየሞላች ነው፤ ወደ ምሥራቅ ካየ እየጎደለች ነው።

ከዚህ ሰዓቱም ይገኛል፤ የእኛ የሰዓት አቆጣጠር ደግሞ ለዚህ የተመቸ ነው። እየሞላች ያለች ግማሽ ጨረቃ በቀኑ 6 ሰዓት ገደማ ትወጣለች፣ 12 ሰዓት ማታ መሐል ሰማይ ላይ ትደርሳለች፣ በሌሊቱ 6 ሰዓት ትገባለች። ሙሉዋ 12 ሰዓት ማታ ትወጣና 12 ሰዓት ጠዋት ትገባለች። እየጎደለች ያለችው ግማሽ በሌሊቱ 6 ሰዓት ትወጣለች፤ በጠፍ ጨረቃ ተነሥቶ ከብት ወደ ገበያ የሚነዳ ሰው የሚያገኛት እሷን ወይም ከእሷ የቀጠነችውን ነው። በመሐሉ ላሉት ቀናት በየቀኑ በአማካይ 50 ደቂቃ መጨመር ነው። ጨረቃ አዲስ ከሆነች በሦስተኛው ቀን ከፀሐይ መጥለቅ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ቆይታ ትገባለች ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለ መብራት መንገድ የሚሄድ ሰው ጨለማ ይዞታል።

እንደ በሬ ቀንድ

ቀጭኗ ጨረቃ መጽሐፍ ላይ ቆማ ትሳላለች። እኛ ጋ ጫፎቿን እንደ በሬ ቀንድ ወደ ላይ አድርጋ ትጋደማለች። ምክንያቱ ያው ነው፦ የበራው ጎን ፀሐይን ያያል፣ ከምድር ወገብ አጠገብ ፀሐይ የምትጠልቀው ወደ አድማስ ቀጥ ብላ ስለሆነ ከጨረቃዋ በታች ትውላለች።

አጋደሏ ግን ዓመቱን ሙሉ አንድ አይደለም፤ ይህንን በደንብ የሚከታተል ሰው ማግኘት እወዳለሁ። በመስከረም አመሻሽ ጨረቃ የምትከተለው ጎዳና ወደ ደቡብ ከ30 ዲግሪ በላይ ስለሚያዘነብል፣ ወደ ምዕራብ ለሚያይ ሰው ቀጭኗ ጨረቃ ከፀሐይ በላይና በግራ ትሆናለች፤ ብርሃኗ ወደ ታችና ወደ ቀኝ ያጋድላል። በጥርና በየካቲት ቀንዶቿ እኩል ለመሆን ትንሽ ነው የሚቀራቸው። በመጋቢትና በሚያዝያ መጀመሪያ ጎዳናው ቀጥታውን አልፎ በ14 ዲግሪ ገደማ ወደ ሰሜን ያዘነብላል፤ ብርሃኗ በጥቂቱ ወደ ግራ ይዞራል። ስለዚህ ቀንዶቿ ወዲህና ወዲያ ማጋደላቸው ወቅትን እንጂ ሌላ ነገርን አያመለክትም።

አዲሷን ጨረቃ በመጀመሪያው ምሽት ለማየት ቦታ መምረጥ ያስፈልጋል። አዲስ ከሆነች 24 ሰዓት ሲሞላት ከፀሐይ በ12 ዲግሪ ያህል ትርቃለች፤ ፀሐይ ከጠለቀች ከ50 ደቂቃ ገደማ በኋላ ትገባለች። ሰማዩ እስኪጨልም 25 ደቂቃ ያህል ስለሚወስድ የቀረው ጊዜ አጭር ነው። ጅሩና እነዋሪ ሜዳ ላይ፣ ወይም ጓሳ ላይ ምዕራቡ ክፍት ስለሆነ ትታያለች። ሸዋ ሮቢት ላይ ግን በስተምዕራብ የደጋው ገደል አድማሱን ከፍ ስለሚያደርገው ከዓይን ቀድማ ትሰወራለች። የሙሉ ጨረቃ አወጣጥ ሲሆን ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፦ ከአንኮበር ወይም ከጣርማ በር ጫፍ ወደ አፋር ቆላ የሚያይ ሰው አድማሱ ዝቅ ስለሚልለት ከሜዳው ሰው በጥቂት ደቂቃ ቀድሞ ያያታል። የሚያስቸግረው ከገደሉ ሥር ወደ ላይ የሚወጣው ጉምና ከቆላው የሚነሣው አቧራ ነው።

የምድር ጥላ አይደለም

ተማሪዎችን «ጨረቃ ለምን ትጎድላለች?» ብለን ስንጠይቅ በብዛት የሚመጣው መልስ «የምድር ጥላ ስለሚያርፍባት» የሚል ነው። ይህን በቃል ከማስተባበል ድንች ይሻላል። ከአዲስ ጨረቃ ከ5ኛው እስከ 10ኛው ቀን ባለው ጊዜ፣ ከሰዓት በኋላ ከ9 እስከ 10 ሰዓት፣ ጨረቃ በቀን ብርሃን ትታያለች። ክብ ድንች ተልጦ፣ ላዩ በጨርቅ ደርቆ፣ በቀጭን እንጨት ይሰካል። ፀሐይ በቀጥታ በሚያገኛችሁ ቦታ ቆማችሁ ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ድንቹን ከጨረቃዋ ጎን ያዙት። የድንቹ የበራው ክፍልና የጨረቃዋ የበራው ክፍል በቅርጽም በአቅጣጫም አንድ ይሆናሉ። ድንቹ ላይ የማንም ጥላ አላረፈም፤ ጨለማው የራሱ ጀርባ ነው።

ሲበላሽ የሚበላሸው በሦስት ምክንያት ነው። ድንቹ እርጥብ ከሆነ ያብረቀርቅና ወሰኑ አይለይም። ነጭ ሸሚዝ ወይም ነጠላ የለበሰ ሰው ድንቹን ወደ ሰውነቱ ካስጠጋው ከልብሱ የሚመለሰው ብርሃን ጨለማውን ጎን ያደበዝዛል። ሦስተኛው የቤት ጥላ ነው፤ ፀሐይ ድንቹን ካላገኘችው የሚታይ ነገር የለም።

እውነተኛው የምድር ጥላ ምን እንደሚመስል ጳጉሜን 2 ቀን 2017 ማታ በነበረው የጨረቃ ግርዶሽ ታይቷል። ያን ዕለት ጨረቃ ከምሽቱ 2 ሰዓት ከ30 እስከ 3 ሰዓት ከ52 ሙሉ በሙሉ ጥላው ውስጥ ነበረች። ጥላው ሲገባና ሲወጣ የነበረውን ጠርዝ ፎቶ ያነሣ ሰው ልዩነቱን መለካት ይችላል። በተራው ቀን የቀጭን ጨረቃ ሁለት ጫፎች ሁልጊዜ በክቡ ዲያሜትር ተቃራኒ ጫፎች ላይ ናቸው። በግርዶሽ ጊዜ ግን ጫፎቹ ይህን ሕግ አይጠብቁም፤ ጠርዙም ከጨረቃ ከሁለት እጥፍ ተኩል በላይ የሰፋ ክብ ቁራጭ ነው። ግርዶሽ በየወሩ የማይሆነው ያው የ5 ዲግሪ መቋረጥ ስላለ ነው፤ ሙሉ ጨረቃ አብዛኛውን ጊዜ ከጥላው በላይ ወይም በታች ታልፋለች።

በነገራችን ላይ በባሕረ ሐሳብ የጨረቃን ሌሊት የሚቆጥሩ ሊቃውንት ከሰማይዋ ጨረቃ ጋር ሲያስተያዩ ዛሬ ከአራት እስከ አምስት ቀን ልዩነት ያገኛሉ። ቀመሩ የተመሠረተው 19 ዓመት ከ235 የጨረቃ ወር ጋር እኩል ነው በሚለው ላይ ነው፤ እኩልነቱ እጅግ ቅርብ ቢሆንም አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይተርፋል። ትርፉ ተጠራቅሞ አንድ ቀን የሚሞላው ከ300 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ያለ ቴሌስኮፕ ለተሠራ ሥራ ይህ ጥራት እጅግ ያስደንቀኛል።

ጁፒተርን የሚዞሩት አራቱ

ምዕራብን መያዝ ይበልጥ የሚጠቅመው እዚህ ነው። ጁፒተርን በ10 በ50 ባይኖኩላር (10 እጥፍ በሚያቀርብ ባለ ሁለት ዓይን መነጽር) ያየ ሰው ከጎኑ በአንድ መስመር የተሰለፉ ከሁለት እስከ አራት ነጥቦች ያገኛል፦ አዮ፣ ዩሮፓ፣ ጋኒሚድና ካሊስቶ። ጋሊልዮ እ.ኤ.አ. በጥር 1610 በየሌሊቱ ሥሏቸው ነው ጁፒተርን እንደሚዞሩ ያወቀው። በባዶ እጅ የተያዘ ባይኖኩላር ስለሚንቀጠቀጥ ነጥቦቹ ይጠፋሉ። ዱላን መሬት ላይ ተክሎ፣ በጫፉ ላይ ባይኖኩላሩን የያዘውን እጅ ማሳረፍ፣ ወይም ካብ ላይ መደገፍ ይበቃል። የታኅሣሥና የጥር ብርድ ላይ መነጽሩን ከሞቀ ቤት አውጥቶ ወዲያው ማየት አይቻልም፤ ምስሉ ይርገበገባል፣ ተመልሶ ሲገባም እርጥበት ይይዘዋል። ለግማሽ ሰዓት ውጭ ይቆይ፤ ሰውየው ባና ይልበስ እንጂ መነጽሩ ይቀዝቅዝ። ሌንሱን በጋቢ ጫፍ መጥረግ ክልክል ነው፤ አቧራው ይጭረዋል።

ቴሌስኮፕ ያለው ሰው ሌላ ችግር ይገጥመዋል፦ ምስሉ ይገለበጣል። አንዳንዱ ቴሌስኮፕ ላዩን ታች፣ ቀኙን ግራ ያደርጋል፤ በመስተዋት የሚያጥፈው ደግሞ ቀኝና ግራን ብቻ ይቀያይራል። የልጅቷ ጥያቄ እዚህ ይደገማል፤ መልሱም ያው ነው። ጁፒተርን መሐል ላይ አድርጋችሁ ቴሌስኮፑን ሳትነኩ ተዉት። ምድር ስለምትዞር በሰዓት 15 ዲግሪ ይንሸራተታል፤ የወጣበት ጠርዝ ምዕራብ ነው። የዕይታው ስፋት አንድ ዲግሪ ከሆነ ከጠርዝ ጠርዝ አራት ደቂቃ ይወስድበታል። ይህን ጠርዝ ወረቀት ላይ «ምዕ» ብሎ ሳይጽፍ ነጥቦቹን የሚሥል ሰው በማግሥቱ ሥዕሎቹን ማገናኘት አይችልም።

ማን ማን እንደሆነ ለመለየት ፍጥነታቸው ይረዳል። አዮ ዙሩን በ1.77 ቀን ስለሚጨርስ በተመሳሳይ ሰዓት ቢታይ በየሌሊቱ ከሞላ ጎደል ወደ ሌላው ጎን ይሻገራል። ዩሮፓ 3.55 ቀን፣ ጋኒሚድ 7.15 ቀን፣ ካሊስቶ 16.69 ቀን ይፈጅባቸዋል። ከሁሉ ራቅ ብሎ የቆመውና በአንድ ሌሊት ብዙም የማይንቀሳቀሰው አብዛኛውን ጊዜ ካሊስቶ ነው። ደማቁ ጋኒሚድ ነው፤ ዲያሜትሩ 5,268 ኪሎ ሜትር ሲሆን ከሜርኩሪ ፕላኔት ይበልጣል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንዲሉ፣ በመጀመሪያው ሌሊት አራት ስም የለሽ ነጥቦች የነበሩት በሳምንቱ ስም ይኖራቸዋል።

እነዚህ ጨረቃዎች ከእኛ ሲታዩ አይጎድሉም። ጁፒተር ከፀሐይ ከእኛ ይልቅ አምስት እጥፍ ስለሚርቅ በእኛና በፀሐይ መካከል ሊገባ አይችልም፤ የምናየው ሁልጊዜ ብርሃን የበዛበትን ፊቱን ነው። በመካከል የምትገባው ቬነስ ግን እንደ ጨረቃ ትቀጥናለች፤ ወደ ምድር በቀረበችበት ሰሞን በባይኖኩላር ይታያል። የጁፒተር ጨረቃዎች የሚጠፉት በሌላ መንገድ ነው፦ አዮ፣ ዩሮፓና ጋኒሚድ በየዙራቸው የጁፒተር ጥላ ውስጥ ይገባሉ፣ ምሕዋራቸው እንደኛዋ ጨረቃ ስላላዘነበለ። ለጨረቃችን የማይሠራው የጥላ መልስ ለአዮ በየ42 ሰዓት ተኩል ይሠራል። ዴንማርካዊው ኦሌ ሮመር እ.ኤ.አ. በ1676 ብርሃን ለመድረስ ጊዜ እንደሚፈጅበት ያሳየው፣ ምድር ከጁፒተር ስትርቅ የአዮ ግርዶሽ እንደሚዘገይ አይቶ ነው።

ስለ ጨረቃዎች ብዛት ብዙ አልልም። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2025 ለሳተርን 128 አዲስ ጨረቃዎች ተመዝግበው ቁጥሩ 274 ደርሷል፤ አብዛኞቹ ጥቂት ኪሎ ሜትር ስፋት ያላቸው ድንጋዮች ናቸው። ቁጥሩን በቃል አስይዞ መፈተን ተማሪን በከንቱ ማድከም ይመስለኛል። ታይታንን በትንሽ ቴሌስኮፕ አግኝቶ በ16 ቀን ሳተርንን ሲዞር መከተል ይበልጣል።

ጁፒተር ቀጥሎ ከፀሐይ ትይዩ ቆሞ ሌሊቱን ሙሉ የሚታየው በየካቲት 2019 መጀመሪያ ነው። የበልግ ደመና ከዚያ በኋላ ስለሚበዛ ሥዕሉን ከጥር አጋማሽ ጀምሮ መያዝ ይሻላል። በየሌሊቱ አንድ ሰዓት ተመርጦ፣ በአንድ መስመር ላይ አራት ነጥብ፣ ከጎኑ «ምዕ»። ለጋኒሚድ አንድ ሳምንት ይበቃል፤ ካሊስቶ ዙሩን እስኪጨርስ ግን 17 ሌሊት ያስፈልጋል፣ በመሐል አንድ ሁለቱን ደመና ቢወስደውም ቦታው ከቀሩት ሥዕሎች ይገኛል።